ቢጫውን ስመልስ

ቢጫ ቀለም አታላይ ነው። ይህን የምለው የዕድሜዬን ግማሽ ከኦፍሴት ማሽን ጋር የጨረስኩ ሴት ስለሆንኩ ነው፤ የማያምነኝ ካለ ነጭ ወረቀት ላይ ቢጫ ይቀባና ራቅ ብሎ ይየው። ጥቁር ሲበዛ ይጮኻል። ቀይና ሰማያዊም ሲበዙ ያስታውቃሉ። ቢጫ ግን ዝም ብሎ ይበዛል፣ ዝም ብሎ ያንሳል፤ መሳሳትህን የምታውቀው ሌሎቹ ቀለሞች በላዩ ከመጡ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ወረቀቱ አልቋል።

ማተሚያ ቤታችን ቆቦ ነበር፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከመናኸሪያው ትንሽ አለፍ ብሎ። ባለቤቱን ጋሼ ነበር የምላቸው። እኔ የገባሁት ወረቀት ለማጠፍና ደረሰኝ ለመስፋት ነው። አንድ ቀን ሁለት የሠርግ ካርድ አንስቼ "እነዚህ እኮ አንድ አይደሉም፣ ይኼኛው ቀላ ብሏል" ብል ሰሙኝና "አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ ጥሩ ነው፣ ወደ ማሽኑ ነይ" አሉኝ። ያኔ ሴት ልጅ ማሽን ላይ ስትቆም አይተው ከጎብዬና ከሮቢት ለገበያ የመጡ ሰዎች በር ላይ ቆመው ጉድ ይሉ ነበር። እሳቸው "ምን ያስቆማችኋል? ሴት አይታችሁ አታውቁም?" ብለው ያባርሩልኛል። የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ከሳቸው ነው።

የምነግራችሁ ስለ ጋሼ ዓይን ነው። ዓይናቸውን የወሰደው በሽታ ነው፤ ሐኪሙም ይህንኑ ተናግሯል። ዓመት ሙሉ በሽታውን ከራሳቸው ከጋሼ የደበቅኩት ግን እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ማሽናችን ባለ አንድ ቀለም ነው። አዲስ አበባ ሠርቶ ሠርቶ ከደከመ በኋላ በጭነት መኪና ወደኛ የመጣ ነው። ስለዚህ ባለ ቀለም ሥራ ሲመጣ አንዱን ወረቀት አራት ጊዜ እናሳልፈዋለን፤ መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ በመጨረሻ ጥቁር። በየመሐሉ ማሽኑን በነጭ ጋዝ አጥበን ቀለም እንቀይራለን። ቀለሙ የሚቀመጥበት ገንዳ ከንፈር ላይ ከዳር እስከ ዳር የተደረደሩ ብሎኖች አሉ፤ ብሎኑን ስታጠብቀው በዚያ በኩል ቀለሙ ይሳሳል፣ ስታላላው ይወፍራል። ሙያው እነዚያን ብሎኖች ማወቅ ነው። "የመጀመሪያው ወረቀትና የመጨረሻው አንድ መልክ ካልያዙ ማተም አይባልም፣ ማቆሸሽ ነው" ይሉ ነበር ጋሼ።

ቆቦ ላይ ደግሞ አንድ መልክ መያዝ ቀልድ አይደለም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ያስተካከልከው ቀለም አምስት ሰዓት ሲሆን በሙቀቱ ቀጥኖ ይፈስሳል። ማሽኑ ቀለም መንካት የሌለበትን ቦታ የሚጠብቀው በውሃ ነው፤ ውሃውም አስቸጋሪ ነው። ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚጋግረው የጉድጓድ ውሃ ማሽን ውስጥ ሲገባ ንጹሕ መሆን ያለበትን ቦታ ያቆሽሸዋል፤ ስለዚህ ክረምት ከጣራ ያጠራቀምነውን የዝናብ ውሃ በበርሜል ይዘን እንደ ጠበል በጣሳ እየቆጠብን እንጠቀም ነበር። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሥራው እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ጋሼ ይህን ሁሉ የሚገዙት በዓይናቸው ነበር። በየሃምሳው አንድ ወረቀት ይመዙና መስኮቱ ላይ ከተሰቀለው ናሙና ጎን ይይዙታል። ከዚያ "ከግራ ሦስተኛዋን፣ ሩብ ዙር" ይላሉ። ሩብ ዙር አዞራለሁ፤ ልክ ይሆናል። ወላሂ ልክ ይሆናል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ግን ቆቦ ያደገ ሰው ወላሂ ሳይል መቼ ያወራል?

መጀመሪያ ያየሁት የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ስናትም ነው። የእመቤታችን ሥዕል አለበት። ቢጫውን ስንጀምር ጋሼ ወረቀቱን መስኮት ላይ ይዘው "አንሷል፣ አላሊው" አሉኝ። አላላሁት። "አሁንም አንሷል።" አሁንም አላላሁት። ለሙከራ ሃያ ወረቀት አራቱንም ቀለም አሳልፈን ሳየው፣ እሷው ይቅር ትበለኝ፣ የእመቤታችን ፊት የወፍ በሽታ የያዘው ሰው ፊት መስሏል። ጋሼ ግን ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስተው "ማሻአላህ፣ አምሮበታል" አሉ። የሚያሾፉ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አያሾፉም።

ለዙሁር ሶላት ሲወጡ በመሳቢያዬ ያለችውን ሰማያዊ ላስቲክ አወጣሁ። ቢጫን በሰማያዊ ነገር ውስጥ ስታየው ጠቁሮ ጎልቶ ይታያል፤ ይህንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አየሁት፤ ቢጫው ከናሙናው እጥፍ ወፍሯል። ማሽኑን አጥቤ ቢጫውን መልሼ አስገባሁ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ መለስኳቸው፤ ሌላ ወረቀት አስገብቼ እንደገና ጀመርኩ። ጋሼ ከመስጊድ ተመልሰው አዲሱን ወረቀት መስኮቱ ላይ ይዘው አዩት። "ማሻአላህ" አሉ፣ በዚያው ድምፅ። የተበላሸውንም የተስተካከለውንም አንድ አድርገው ነው ያዩት።

እኔ ዝምተኛ እንዳልመስላችሁ። ደሴ የተሠራልንን ፕሌት፣ ማሽኑ ላይ የሚታሰረውን ስስ ብረት፣ በሻንጣ ጨፍልቆ ያመጣውን የአውቶብስ ረዳት መናኸሪያ መሐል አዋርጄው ሰው ነው የገላገለን። "ቶሎ በሉ" የሚል ደንበኛ "ቶሎ ከፈለግህ በእጅህ ጻፈው" ብዬ መልሻለሁ። አፌ ስለታም ነው፤ እናቴ ራሷ ፈርታኝ ነው የሞተችው። ለጋሼ ግን ምን ቆርጦኝ! ያሳደጉኝን፣ ሙያ የሰጡኝን ሰው "ዓይንዎ ከድቶዎታል" ልበላቸው? ከዓይናቸው ሌላ ምን አላቸው? ነውር መሰለኝ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፤ እኔም ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። እሳቸው ጠዋት ያስተካክላሉ፤ እኔ ለሶላት ሲወጡ ቢጫውን እመልሳለሁ። ሲመለሱ ወረቀቱን ያያሉ፣ ይደሰታሉ። አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ስሠራ ሁለት ልብ ይሆንብኛል፤ በአንዱ ቀለም አስተካክላለሁ፣ በሌላው በር በር አያለሁ፣ መጡ አልመጡ እያልኩ። ሰው ሲሰርቅ እንዲህ ነው የሚሆነው ብዬ አስብ ነበር። ግን ደግሞ ምን ሰረቅኩ? ሥራቸውን አሳመርኩ እንጂ። ራሴን እንዲህ እያልኩ አባበልኩት።

ሌላውንም ምልክት አይቻለሁ፣ አላየሁም አልልም። ትከሻቸው በሩን ይገጨዋል። ሻይ ሲያነሱ ጎን ያለውን ብርጭቆ ይደፉታል። መሬት ላይ የተቆለለ ወረቀት ላይ ይረግጡና "ይህን እዚህ ማን አስቀመጠው?" ብለው ይቆጡኛል፤ ዓመት ሙሉ ከቦታው ያልተነሳ ወረቀት ነው። እኔም "ይቅርታ ጋሼ" ብዬ ከመንገዳቸው አነሳዋለሁ። እንዲያው ምን ልበላችሁ፣ መንገዱን ሁሉ እየጠረግኩላቸው ነበር።

ከሁሉ የባሰው ያተምነውን ይዘው ወደ ቤታቸው መሄዳቸው ነው። ባለቤታቸው ታከም ታከም እያሉ ይጨቀጭቋቸው ነበር። እሳቸው የምሳ ሰዓት ሲደርስ ከደረቀው ወረቀት አንዱን ይጠቀልሉና "ይቺን ልውሰድና ላሳያት፤ ይህን ያወጣ ዓይን ነው ታሟል የምትለው!" ይላሉ። ያን ወረቀት ያወጣው የኔ ዓይን ነው። ለክርክራቸው ማስረጃ የማቀርብላቸው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ ባለቤታቸው ራሳቸው መጡ፤ ጋሼ ገበያ ወጥተዋል። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ማሽኑን በፍርሃት እያዩ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"እስቲ አንቺ ልጅ፣ በፈጠረሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ። ደህና ያያል?"

ያኔ ነበር ጊዜው። የተጠየቅኩት በሹክሹክታ ነው፣ ጋሼ የሉም፣ ማንም አያፍርም። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። እኔ ግን ምን አልኩ?

"ደህና ያያሉ፣ አብሽሩ።"

ሴትየዋ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ጉልበቴን ለመንካት ጎንበስ አሉ፤ እኔ ያዝኳቸው። እፎይ ብለው ሄዱ። ዛሬም ድረስ አብሽር የሚል ሰው ስሰማ ያቺ ቅዳሜ ትመጣብኛለች።

ነገሩ የወጣው እኔ በሌለሁበት ነው። ዋጃ ያለችው አክስቴ አረፈችና ለቅሶ ሄድኩ። ሣልስቷን ሳላወጣ መመለስ አይሆንልኝም፣ ሰው ምን ይለኛል? በነዚያ ቀናት ጋሼ ብቻቸውን የረመዳንን የሰዓት ሰሌዳ አተሙ፤ ሱሑርና ኢፍጣር መቼ እንደሆነ የሚያሳየውን፣ አረንጓዴ የመስጊድ ጉልላት ያለበትን። ተመልሼ ስገባ ሥራው አልቆ ተቆልሏል። አረንጓዴ ማለት ቢጫና ሰማያዊ ነው፤ ቢጫው ሲበዛ የት እንደሚደርስ አስቡት። ጉልላቱ ውሃ ያጣ የማሽላ ቅጠል ሆኗል። ሰማዩ ሳይቀር ቢጫ ነው።

ይብላኝ ለኔ፣ ያዘዙት ሽማግሌዎች መጥተው እያየሁ ተረከቡ። አንዱ ወረቀቱን አየ፣ ጎኑ የቆመውን ሽማግሌ አየ። ሌላው ጉሮሮውን ጠረገ። "ማሻአላህ፣ አላህ ይስጥልን" ብለው ተሸክመው ሄዱ። ከቆቦ እስከ ዋጃ በየመስጊዱ፣ በየሱቁ ተለጠፈ። ያላየው ሰው የለም፤ አንድም ሰው ለጋሼ አልተናገረም። ያከብሯቸዋላ! ሀገር ሙሉ እንደኔው ነው ያደረገው።

የተናገረችው እንግዳ ናት። ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ ነበረች፣ የክትባት ካርድ ልትወስድ ገባች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አይታ "ጋሼ፣ ይሄ ምን ሆኖ ነው እንዲህ ቢጫ የሆነው?" አለች፣ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ። ደሜ ፈላ። ዓይኔን አፈጠጥኩባት፤ አልገባትም። ጋሼ ሳቁ። "አረንጓዴ ነው እንጂ ልጄ፣ ምን ቢጫ አለው" አሉና ካርዶቿን አቀበሏት። እጃቸው ግን ወደሷ ሳይሆን ከጎኗ ወዳለው ባዶ ቦታ ነበር የተዘረጋው። ነርሷ ካርዱን አልተቀበለችም፤ እጃቸውን አየችው። ከዚያ በቀስታ "ጋሼ፣ እስቲ አፍንጫዬን ብቻ ይዩ" ብላ አንድ እጇን ወደ ጎን ዘረጋችና ሦስት ጣት አወጣች። "ስንት ጣት ነው?"

"የቱ ጣት?" አሉ ጋሼ።

በማግስቱ ደሴ ወዳለ የዓይን ሐኪም ሄድን። ባለቤታቸው ጉዞ አይችሉምና የያዝኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፤ በማሽን አየ፣ በብርሃን አየ፣ የዓይናቸውን ግፊት ለካ። ቀኝ ዓይናቸው ሊያልቅ ነው፤ ግራው መሐሉ ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ ትንሽ ቀርቶታል። ግላኮማ ይባላል አለ። ከዳር ከዳር ይበላል፣ አያምም፣ መሐሉ ሲደርስ ነው ሰው የሚባንነው፤ የሄደው አይመለስም፣ መድኃኒቱ የተረፈውን ለመጠበቅ ብቻ ነው። ከዚያ ጠየቃቸው።

"ቀለም ላይስ ለውጥ አላዩም? ቢጫና ሰማያዊ መለየት የሚያስቸግረው ሰው አለ። ካርድዎ ላይ ማተሚያ ቤት ይላል፣ እርስዎ ከማንም ቀድመው ሊያውቁት ይገባ ነበር እኮ።"

ጋሼ ቀና አሉ። "ቀለም? ልጄ፣ ስታድግ የተማርክበት ደብተር ሽፋን እኔ ያተምኩት ሊሆን ይችላል። ቀለሜ ተበላሽቶ አያውቅም። ያለፈው ሳምንት አንድ ሥራ ቢጫ በዛበት አሉኝ፤ እሱም መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነው። እሷ ትመስክር።"

ወደኔ ዞሩ። ፊታቸው ትንሽ ስቷል፤ የሚያዩት ከትከሻዬ በላይ ያለውን ግድግዳ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶች፤ የሰውን በሽታ የደበቀስ ምን ይባላል?

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ" አልኩ። "ለሶላት ሲወጡ ብሎኖቹን እመልሳቸው ነበር።"

"ምን?"

"ቢጫው ይበዛ ነበር። እየመለስኩት ነው ልክ የሚወጣው።"

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። "ከመቼ ጀምሮ?" አለኝ። ከቀን መቁጠሪያው ጀምሮ፣ ዓመት አለፈው አልኩት። ምንም አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ጋሼ ዞሮ "ያኔ መጥተው ቢሆን የግራውን አብዛኛውን እናተርፈው ነበር" አለና ጠብታውን ጻፈ። ጋሼ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አለቀስኩ። ሐኪም ፊት፣ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው በር ላይ ቆሞ፣ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ።

ወደ ቆቦ ተመለስን። አውቶብሱ ወልድያን አልፎ ቁልቁል ወደ ቆላው ሲወርድ፣ ሙቀቱ በመስኮት ሲገባ፣ "ሁልጊዜ?" አሉኝ።

"ሁልጊዜ፣ ጋሼ።"

"የሮቢቱን ሠርግ ካርድም?"

"እሱንም።"

"አስታግፊሩላህ" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ስለ ዓይናቸው ያዘኑ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ያ ሁሉ ማሻአላህ ያሉት ሥራ፣ ወደ ቤታቸው ጠቅልለው የወሰዱት ወረቀት ሁሉ ከእጃቸው እየወጣ ነበር፤ በአንድ ቀን ዓይናቸውንም ሥራቸውንም ወሰድኩባቸው። ቤታቸው ሳደርሳቸው ባለቤታቸው ነገሩን ከሳቸው ሰሙ። አልጮኹብኝም፣ አልረገሙኝም። "አብሽሩ ብለሽኝ ነበር እኮ" አሉኝ ብቻ፣ ውሃ የያዘውን ጣሳ እንደያዙ። ከዚያ ወዲያ በዒድ እንኳ ምግባቸውን በሰው ይልኩልኛል እንጂ ግቢ አይሉኝም።

ጋሼ ማሽኑን ለኔ ተዉልኝ። ቀርተው ግን አልቀሩም፤ ጠዋት ጠዋት በትራቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ማሽኑን በጆሮ ይሰሙታል። ውሃ የሚያቀባው ሮለር ሲደርቅ ከኔ ቀድመው "ውሃ!" ይላሉ። ጠብታው የተረፈችውን እይታ ጥቂት ጊዜ አቆያት፤ ከዚያ እሷም ሄደች። ከደንበኛ ጋር ስጣላ ይስቃሉ። ስለዚያ ነገር ግን አንስተው አያውቁም፤ እኔም ይቅር በሉኝ ለማለት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ።

አንድ ቀን ለአንድ ትምህርት ቤት የምስክር ወረቀት እያተምን ነው፤ ጌጡ ባለ አራት ቀለም፣ ጠርዙ ወርቅማ። ጠዋቱን ሙሉ ለፋሁበት። ናሙናውን አሥር ጊዜ አየሁት፣ በሰማያዊው ላስቲክም አየሁት፣ ደጅ ብርሃን ላይ አውጥቼም አየሁት። ስጨርስ ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ጣታቸውን በቀለሙ ላይ ቀስ አድርገው አሳለፉ፣ አሸተቱት፣ እንደ ድሮው ወደ መስኮቱ አንስተው ያዙት።

"ልክ ነው?" አሉኝ።

"ልክ ነው፣ ጋሼ።"

ወረቀቱን ከመስኮቱ አወረዱና ወደኔ ዞሩ።

"እንደዚያን ጊዜው ነው ልክ፣" አሉ፣ "ወይስ የእውነት?"

በድምፃቸው ቂም አልነበረበትም። ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ።